ስም የለሽ ጥቆማ፦ ነውር ወይስ ውለታ?

አንድ መንገደኛ በደጃፍህ ሲያልፍ ቆም ብሎ «እናንተ ቤቶች! የጓሮ ግድግዳችሁ ተሰንጥቋል፤ ክረምቱን አይሻገርም» ቢልህና፣ ሳይቀመጥ፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ መንገዱን ቢቀጥል ምን ታደርጋለህ? ሁለት ምርጫ አለህ። አንደኛው ወደ ጓሮ ዞሮ ግድግዳውን ማየት ነው። ሁለተኛው ሰውየውን ሮጦ ይዞ «ለመሆኑ አንተ ማን ነህ? የማን ልጅ ነህ? መታወቂያህን አሳየኝ» ማለት ነው። ሁለተኛውን የሚመርጥ ሰው ቢኖር ሞኝ ነው ብለን እንስቅበታለን። ይሁንና ዛሬ የምንገለገልበት መሥሪያ ቤትም ሆነ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው። እኛም ለምደነው አንስቅም።

ነገሩን እንዳብሰለስለው ምክንያት የሆነኝ አንድ ወዳጄ ነው። የተወለደው በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ በምትገኘው በሮብ ገበያ ሲሆን፣ ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጦ የኮምፒውተር ፕሮግራም በመጻፍ ይተዳደራል። ከእንጀራ ሥራው ሌላ በትርፍ ሰዓቱ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ሠርቶ ለፈለገ ሁሉ በነጻ ያድላል። ፕሮግራም ደግሞ እንደ ማንኛውም የሰው ሥራ ጉድለት አያጣውም። ስለዚህ ተጠቃሚዎች ያገኙትን ጉድለት የሚነግሩበት አንዲት ትንሽ መሣሪያ ሊሠራ ተነሣ። መሣሪያዋ ሥዕልና ጌጥ የላትም። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ አንድ ቃል ጽፈው ሲጠሯት ብቅ ትላለች፤ ሦስት አራት ጥያቄ ትጠይቃለች፤ መልሱን ይዛ ወደ እርሱ ትልካለች። ቀላል ነገር ነው። ክርክር የገጠምነው በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነበር፦ ጉድለቱን የሚነግረን ሰው ገና ከመናገሩ በፊት ተመዝግቦ፣ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል አውጥቶ መግባት አለበት ወይስ የለበትም?

የሙያው ሰዎች እንዲህ ያለውን ጉድለት በእንግሊዝኛ «በግ» ይሉታል። ተባይ ለማለት ነው እንጂ የእኛን ባለ ላት በግ ማለታቸው አይደለም። የድምፁ መገጣጠም ግን ለክርክሬ ጠቀመኝ። ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከረቡዕ ገበያ ነው። እንግዲህ አንድ ገበሬ በገበያ ቀን በጉ ጠፍታበት «ነጭ በግ፣ ጆሮዋ ቁርጥ፣ ያያችሁ!» እያለ ሲዞር፣ አንድ የማያውቀው ሰው «ከወንዙ ማዶ አይቻታለሁ» ቢለው ምን ያደርጋል? ወደ ወንዙ ይሮጣል። በጓ እዚያ ካለች አለች፤ ከሌለች የለችም። የነጋሪው ስም፣ የአባቱ ስምና ደብሩ በበጓ መኖር ወይም አለመኖር ላይ የሚጨምረው አንዳች ነገር የለም።

ወዳጄ በዚህ የሚረታ ሰው አይደለም። ሦስት ምክንያት ደረደረልኝ። «አንደኛ» አለ፣ «በሩን ክፍት ከተውኩት ሥራ ፈቱም፣ ተሳዳቢውም፣ ቆሻሻ መልእክት በማሽን የሚያዘንበውም ይገባበታል። ሁለተኛ፣ የነገረኝ ነገር ካልገባኝ ተመልሼ የምጠይቀው ማንን ነው? ሦስተኛ፣ ስሙን ያልሰጠ ሰው ለሚናገረው ነገር ኃላፊነት አይሰማውም። አፉ እንዳመጣለት ይናገራል።» ሦስቱም ምክንያቶች እውነት አላቸው። ከእውነትነታቸው ጋር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ በሩ ሲዘጋ ውጪ የሚቀረው ማን ነው? ተሳዳቢው ነው ወይስ ሌላ ሰው?

እስቲ በአንዲት ትንሽ ከተማ በኮምፒውተር ጽሕፈት የሚተዳደር አንድ ወጣት እናስብ። ማመልከቻ፣ ውክልና፣ የዕድር ደብዳቤ እየጻፈ በገጽ ይከፈለዋል። ኮምፒውተሩ የእርሱ አይደለም፤ የቤቱ ባለቤት ነው። ይህ ልጅ በቀድሞው አጻጻፍ «ጐጃም» ብሎ ሲጽፍ ፊተኛው ፊደል ባዶ ሳጥን ይሆንበታል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ «ጐ» የተባለችው ፊደልም የራሷ ቁጥር አላት። ስለዚህ ጥፋቱ የፊደሏ ሳይሆን የፕሮግራሙ ነው፤ ባለሙያው ቢሰማ በአንድ ምሽት ሊያርመው ይችላል። ያወቀው ግን ያ ልጅ ብቻ ነው። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሊናገር ሲሞክር ቅጹ ኢ-ሜይል ይጠይቀዋል። ከዚያ «የቤተሰብ ስም» ይለዋል። እኛ አገር ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል የለውም፤ የአባቱን ስም ያስገባል። ዛሬ «ፀሐይ» ብሎ በፀሐዩ ፀ የተመዘገበ፣ ነገ በጸሎቱ ጸ ቢጽፈው ማሽኑ «አላውቅህም» ይለዋል። በመጨረሻ የማረጋገጫ መልእክት ወደ ስልኩ እስኪመጣ ይጠብቃል። እስከዚያው መብራት ይጠፋል። ልጁም «ጐ»ን ትቶ በ«ጎ» ይጽፋል። ነገሩ በዚሁ ያበቃል። «ዝም አይነቅዝም» ይል የለ ያገሬ ሰው!

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ተሳዳቢው ጊዜ አለው። ሐሰተኛ ኢ-ሜይል ማውጣት፣ በተዋሰው ስም መመዝገብ ለእርሱ ችግር አይደለም። ቆሻሻ የሚያዘንበው ማሽንማ አይታክተውም። በሩ የሚመልሰው ይልቁንስ አንድ ነገር ብቻ ሊነግረን የመጣውን፣ ከእኛ ምንም የማይፈልገውን፣ ሥራ ያለበትን ሰው ነው። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ጉድለቱ ያለው በራሱ በመግቢያው ላይ ሲሆን ነው። መግባት ያቃተው ሰው መግባት እንዳቃተው ለመንገር መጀመሪያ መግባት አለበት! በሩ እንደተበላሸ የሚነገረው ከበሩ ወዲያ ላለ ሰው ከሆነ፣ ባለቤቱ «በሬ ደኅና ነው፤ ማንም አቤት አላለም» ብሎ ዕድሜ ልኩን ተደስቶ ሊኖር ይችላል።

ስም መስጠት ለሁሉም ሰው እኩል ቀላል አለመሆኑንም መርሳት የለብንም። ለከተሜው መመዝገብ ጥቂት ደቂቃ ማባከን ነው። ለሌላው ግን መዝገብ ትዝታ አለው። በ1960 ዓ.ም. በወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የጎጃም ገበሬ ሲያምፅ፣ ሞጣና ቢቸና ከዓመፁ ዋና ዋና ሥፍራዎች መካከል ነበሩ። ገበሬውን ያስቆጣው የግብሩ ብዛት ብቻ አልነበረም። መሬቱ ከተለካና ስሙ ከመዝገብ ከሰፈረ ርስቱ ከእጁ ይወጣል የሚለው ሥጋት ነበር። መንግሥት ጦር ሠራዊት፣ አውሮፕላንም ጭምር ከላከ በኋላ በመጨረሻ ውዝፉን ግብር ለመተው ተገዷል። ይህን የሰማ ልጅ፣ የሰማውም ከአያቱ የሆነ ልጅ፣ «ስምህን አስገባ» ሲባል ትንሽ ቢያመነታ አይፈረድበትም። ሕጋችንም ቢሆን ጠቋሚነት አደጋ ሊያስከትል እንደሚችል አይክድም። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች የሚጠበቁበትን አዋጅ ቁጥር 699/2003 ያወጣነው ለዚህ ነው።

* * *

እስካሁን የተናገርኩት ለወዳጄ የነገርኩትን ነው። ነገር ግን ከዚህ በላይ የሚከብድ ክርክር አለ። እርሱ ባያነሣውም እኔ ላልፈው አልቻልኩም።

ስም የለሽ ጥቆማ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። የጥንት ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛው በዜማ የሚለቀው ነገር ባለቤት የለውም፤ ማን እንደገጠመው አይታወቅም፤ ለዚህም ነው እውነቱን የሚይዘው። በሌላ በኩል እንደየአገሩ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው ሥርዓት፣ ሌባው ወይም ቃጠሎ የለኮሰው ሳይታወቅ ሲቀር ያገሬው ሰው በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ እየማለ ይጠየቃል። እዚያ ላይ ያየውን ለሽማግሌዎች በምስጢር የሚጠቁም ሰው «ወፍ» ይባል እንደነበር ይነገራል። ዛሬም «ማን ነገረህ?» ስንባል «ወፍ ነገረኝ» እንላለን። ከተግባሩ ብንርቅም ቃሉ ከአፋችን አልጠፋም።

ወፏ ግን ሁልጊዜ የዋህ አልነበረችም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን «ማጋለጥ» የሚባል ቃል ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ባለዕዳ አበዳሪውን፣ የተቀየመ የተቀየመውን ለቀበሌ የጠቆመበት፣ በአንድ ሹክሹክታ ሰው ከቤቱ ወጥቶ የቀረበት ጊዜ ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈ ሰው «ስም የለሽ ጥቆማ» ሲባል ቢሰቀጥጠው ምን ይገርማል? ጉዳዩ የእኛ ብቻም አይደለም። በቬኒስ ከተማ የጥቆማ ወረቀት የሚከተትባቸው በግድግዳ ላይ የተቀረጹ የአንበሳ አፎች ዛሬም ይታያሉ። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ፣ ፕሊኒ የተባለው የሮም አገረ ገዥ የጸሐፊው ስም ያልተጻፈበት የተከሳሾች ዝርዝር ደርሶት ንጉሠ ነገሥት ትራጃንን ምክር ቢጠይቅ፣ ንጉሡ ባለቤት የሌለው ክስ በምንም ዓይነት ወንጀል ተቀባይነት ሊኖረው እንደማይገባ፣ ክፉ ምሳሌም እንደሚሆን ጽፎ መልሶለታል። ትራጃን ለክርስቲያኖች ወዳጅ አልነበረም። ይህችን ግን አልሳታትም።

ታዲያ በጓን ያየው ሰው ስሙን እንዳይጠየቅ የምከራከር እኔ፣ በትራጃን ፊት ምን እመልሳለሁ?

መልሱን ያገኘሁት ከራሴ ሙያ ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ ያስያዙን ስድስት ጥያቄዎች አሉ፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። «ማን» ሁልጊዜ ፊተኛ ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ በገባሁበት አንድ የዝግጅት ክፍል ስም የሌለው ደብዳቤ ሳይነበብ ወደ ቅርጫት ይጣል ነበር፤ ደንብ ነው። አንዱ «እገሌ የተባለው ሹም ጉቦኛ ነው» ይላል። ሌላው «በእንዲህ ያለ ሰፈር የውሃ ቧንቧ ከፈነዳ አንድ ወር ሞላው፤ መንገዱን እየበላው ነው» ይላል። ሁለቱም ስም የላቸውም፤ ሁለቱም አንድ ቅርጫት ውስጥ ይገባሉ። ግን አንድ ናቸው? የፊተኛው ደብዳቤ እውነትነት የተንጠለጠለው በጸሐፊው ላይ ነው። ማን ነው? ምን አየ? ቂም አለበት? የተከሰሰውስ ሰው ፊት ለፊት ሊጠይቀው አይገባም? የሁለተኛው ደብዳቤ እውነትነት ያለው ግን መንገዱ ላይ ነው። ሄዶ ማየት ብቻ ነው። ቂመኛ ቢጽፈው፣ ሰካራም ቢጽፈው፣ ሕፃን ቢጽፈው ቧንቧው ፈንድቶ እንደሆነ ፈንድቷል።

እኔ እንደሚመስለኝ ድንበሩ እዚህ ላይ ነው። በሰው ላይ የሚቀርብ ነገር ባለቤት ይሻል፤ ምክንያቱም ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ነው። በነገር ላይ የሚቀርብ ጥቆማ ግን ምስክሩን በራሱ ውስጥ ይዟል። የፕሮግራም ጉድለት ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። «ይህን ጻፍኩ፤ ይህን ጠበቅኩ፤ ይህ ሆነ» የሚል ሰው እምነት እንድንጥልበት አይጠይቀንም። እኛው ራሳችን ያንኑ ጽፈን ያው ይሆን እንደሆነ እናየዋለን። ከስድስቱ ጥያቄዎች «ምን»፣ «የት»፣ «መቼ»ና «እንዴት» ካሉ «ማን» ሳይኖር ሥራው ይሠራል።

ወዳጄ ይህን ሲሰማ ትንሽ ዝም አለና «ወንድሜ፣ ጉድለቱን የሠራው ግን ሰው ነው» አለኝ። «እያንዳንዱ መስመር ማን እንደጻፈው ተመዝግቦ ይገኛል። ጉድለቱን ማሳየት ሠሪውን ማሳየት አይሆንም?» ብልህ ጥያቄ ነው፤ ሙሉ በሙሉ አላመለጥኩትም። ቧንቧው ፈነዳ ሲባል የቧንቧ ሠራተኛው በአለቃው ፊት ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ድንበሩ በራሱ አይጠበቅም፤ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል። ከተስማማንባቸው ነገሮች አንዱም ይህ ሆነ፦ በመሣሪያዋ ላይ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ አይኖርም። ስም ጠርቶ የሚወነጅል መልእክት ከመጣ፣ ለዚያ ስም የሚሰጥበት ሌላ በር እንዳለ ይነገረዋል። ጥቆማው ለጥገና እንጂ ለቅጣት አይውልም።

* * *

ይህ ሁሉ የወግ ብቻ እንዳይመስል፣ በሥራ የተፈተኑ ሁለት ምሳሌዎችን ላንሣ።

አንደኛው ዴቢያን የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የመሠረተው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ያዘጋጁታል። ጉድለት የሚነገርበት «ሪፖርትበግ» የሚባል የትእዛዝ መስኮት መሣሪያ አለው። ተናጋሪው ምዝገባና የይለፍ ቃል አያስፈልገውም፤ ነገሩ በተራ ኢ-ሜይል ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ቃል ኪዳን ደግሞ ችግራቸውን ላይደብቁ፣ የጉድለቶቹንም መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ሊያደርጉ ተስማምተዋል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መግቢያ አለመጠየቅና ስም አለመግለጥ አንድ አይደሉም። በዴቢያን የላኪው የኢ-ሜይል አድራሻ ለዓለም ይታያል። በሩ ክፍት ነው፤ ገቢው ግን ፊቱን አይሸፍንም።

ሁለተኛው ከአየር በረራ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1974 አንድ የአሜሪካ መንገደኛ አውሮፕላን በዋሺንግተን አቅራቢያ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ የነበሩበት 92 ሰዎች አለቁ። በኋላ ሲጣራ፣ ከስድስት ሳምንት በፊት የሌላ ኩባንያ አብራሪዎች በዚያው ተራራ፣ በዚያው የመመሪያ ግራ መጋባት ለጥቂት አምልጠው ነበር። የእነርሱ ኩባንያ ለራሱ አብራሪዎች ነገረ፤ ወሬው ግን ለሌላው አልደረሰም። ከዚህ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ናሳ የሚያስተዳድረው የበረራ ደኅንነት ጥቆማ ሥርዓት ተቋቋመ። አብራሪው ያየውን ይጽፋል። ስሙ የሚሰፍረው ተቆርጣ በምትወጣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው። ተቀባዮቹ ያልገባቸው ነገር ካለ በእርሷ ደውለው ይጠይቁታል፤ ከዚያም ቁራጯን ቀን ማኅተም መትተው ለራሱ ይመልሱለታል። ስሙ እነርሱ ዘንድ አይቀርም። ወረቀቷም በእጁ ደረሰኝ ትሆነዋለች።

የወዳጄ ሁለተኛ ጥያቄ፣ «ተመልሼ የምጠይቀው ማንን ነው?» ያለው፣ መልሱን ያገኘው ከዚህ ነው። የሚያስፈልገው መመለሻ መንገድ እንጂ ስም አይደለም። መሣሪያዋ ጥቆማውን ስትቀበል ለተናጋሪው አንድ የደረሰኝ ቁጥር ትሰጠዋለች። ሰውየው ከሳምንት በኋላ ቁጥሩን ጽፎ ሲጠራት «ይህን ማወቅ ፈልገን ነበር» ወይም «ታርሟል» ትለዋለች። ልብስ ሰፊ ጋ ጨርቅ ሰጥቶ ቁጥር የያዘ ሰው እንደሚያደርገው ነው።

ሌላም ጨመርንበት። መሣሪያዋ ከመላኳ በፊት የምትልከውን ሁሉ፣ አንዲት መስመር ሳትደብቅ፣ ለተናጋሪው ታሳየዋለች። ስም አልጠየቅንም እያልን ማሽኑ በጎን ስሙን ቢያወጣበት ክህደት ነው። የፋይል አድራሻ ብዙውን ጊዜ የባለኮምፒውተሩን ስም በውስጡ ይይዛል፤ እርሱ ይፋቃል። ኔትወርክ ከሌለ ጥቆማው በፋይል ይቀመጣል፤ በፍላሽም ቢሆን፣ በሰው እጅም ቢሆን በኋላ ይላካል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም። በአንድ ጊዜ የሚዘንብ የመልእክት ናዳ እንዳይገባ ከአንድ ሥፍራ በሰዓት ከጥቂት በላይ አትቀበልም። ለዚያ ሲባል የምትይዘው የመሥመር አድራሻም ራሱ የስም ታናሽ ወንድም ስለሆነ በቶሎ ይደመሰሳል። ስሙን መስጠት የወደደ ደግሞ ይስጥ፤ ይመስገንበት። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንዲሉ፣ መመስገን ነውር አይደለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ የማይቀር ዕዳ አለ። የማይረባው ጥቆማ ይበዛል፤ ገለባውን ከፍሬው የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ወዳጄ ነው። ምሽቱን የሚያጣውም እርሱ ነው። ቀላል አድርጌ ልናገረው አልፈልግም፤ በነጻ የሚሠራ ሰው ጊዜ ከየትም አይመጣም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ድካሙ ከሁለት በአንዱ ትከሻ ላይ ማረፉ ካልቀረ፣ ውለታ ሊውል ከመጣው ይልቅ ውለታው በሚዋልለት ላይ ቢያርፍ ይሻላል። የጠፋች በጉን የሚፈልግ ገበሬ «ሦስቴ በሐሰት ላኩኝ፤ ከእንግዲህ ስሙን ያላስመዘገበ እንዳይነግረኝ» ቢል እግሩ ያርፋል። በጓ ግን አትገኝም።

* * *

የመጨረሻውንና ዋናውን ነገር ልናገር።

ከሞጣ በኩል ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ሲሆን መካከሉ የተሰበረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ከስልሳ ዓመት በላይ ጎጃምና ጎንደር የሚሻገሩ ሰዎች በገመድ ታስረው፣ በሁለቱ ወገን በቆሙ ጎበዞች እየተጎተቱ በገደሉ ላይ ያልፉ ነበር። የዚህ ትዕይንት ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ተቋራጭ እ.ኤ.አ. በ2001 አይቶት ተነሣ፤ በማግሥቱ ዓመት የተሰበረው መካከል ተጠገነ። ጥገናውን በኋላ ጎርፍ ቢወስደውም ሌላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። በገመዱ ላይ የነበሩት ሰዎች ስማቸውን ለፍራንትዝ አልሰጡም፤ ቅጽ አልሞሉም፤ ስብራቱ ራሱ ተናገረ። ይህ ለክርክሬ የሚመች ታሪክ ይመስላል። ግን ስልሳውን ዓመት ምን እናድርገው? ያ ሁሉ ዘመን ድልድዩ መሰበሩን ያልሰማ ሹም አልነበረም። ስሙ እንኳ «ሰባራ» ነው! የጠፋው ነጋሪ አልነበረም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በፊት፣ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም አደጋ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋ ፕሮግራም ከተሳሳተ መለኪያ መረጃ እየወሰደ ሠርቷል። ከቢሾፍቱ አደጋ በኋላ ጋዜጠኞች ያንን ከላይ ያነሣሁትን የናሳ መዝገብ ሲያገላብጡ፣ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ገደማ ስማቸው ያልተጠቀሰ አሜሪካውያን አብራሪዎች ስለዚያው አውሮፕላን፣ በተለይም ስለ መመሪያ መጽሐፉ ጎደሎነት፣ ያስገቡትን አቤቱታ አገኙ። በሩ ክፍት ነበር። ተናጋሪዎቹም ተናግረው ነበር። አውሮፕላኑ ግን መብረሩን ቀጠለ።

ስለዚህ «ስም የለሽ ጥቆማ ነውር ነው ወይስ ውለታ?» ብለን ስንጠይቅ፣ ጥያቄውን ወደ ተናጋሪው ብቻ ማዞራችን ራሱ ስሕተት ይመስለኛል። በብዙ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ተሰቅሎ እናያለን። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚያነበው የሚያውቅ የለም። አስተያየት ሰጪው ስሙን እንዲጽፍ ይጠየቃል፤ ተቀባዩ ግን ስም የለውም። ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። በዴቢያን ዘንድ እያንዳንዱ የፕሮግራም ጥቅል በስሙ የሚጠራ ኃላፊ አለው፤ ተናጋሪው መግቢያ አይጠየቅም፣ ሰሚው ግን ይታወቃል። ኃላፊነት ከሌለበት ጥቆማ አይጠቅምም ያለው ወዳጄ እውነቱን ነው። ኃላፊነቱ መፈለግ ያለበት ግን ስንጥቁን አይቶ ከሚያልፈው መንገደኛ ዘንድ ሳይሆን፣ ሰምቶ ዝም ሊል ከሚችለው ባለቤት ዘንድ ነው።

ወዳጄ አሁን ሥራውን ጀምሯል። መሣሪያዋ ስትጠራ መጀመሪያ የምትጽፈው የራሱን ስም፣ ጥቆማውን የሚያነበው እርሱ መሆኑን፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያየውም ነው። ከዚያ በኋላ «ምን ሆነ?» ብላ ትጠይቃለች። ማን መሆንህን አትጠይቅም።